አንተስ የማን ልጅ ነህ?

ሞላሌ ገበያ ላይ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ከፊቴ ዘርግቼ፣ ከጎኔ ሽንኩርት ከምትሸጠው ጎረቤቴ ጋር ወሬ ይዘን ነበር። አንድ በርኖስ የደረበ ወጣት መጣና ጎንበስ ብሎ መጽሔት ገለጠላት።

«እትዬ፣ ይህን ልጅ ያውቁታል?» አላት።

እኔም አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። የልጄ ፊት ነው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። የልጄ ፊት በወረቀት ታትሞ ገበያ ድረስ መጣ ብዬ፣ ልጄ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን አልወጣም። የወጣቱ ጣት ከፎቶው ላይ አልነበረም። ከፎቶው በታች፣ የልጄ የአባቱና የአያቶቹ ስም ተደርድሮ ከተጻፈበት ላይ ነው። እንደሚያነብ ሰው መስመሩን ተከትሎም አይሄድም፤ ሌላ ሰው እዚህ ጋ ነው ብሎ እንዳሳየው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተክሎታል። አነጋገሩን ደግሞ አዳመጥኩት፤ የመርሐቤቴ አነጋገር ነው። ባሌ እንዲያ ነበር የሚናገረው። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ መርሐቤቴ ወርጄ ነው ያገባሁት። ባሌ በመሬት ድንበር ከጎረቤታችን ጋር ተጣላና ገደለው። ታሰረ፣ እስር ቤት ሳለ ታሞ ሞተ። እኔም የሚጠባ ልጄን አዝዬ ወዳገሬ ተመለስኩ። የሟች ዘመዶች ግን መንግሥት የራሱን ቀጣ፣ የኛ ገና ነው አሉ። ባሌ ሌላ ወንድ ልጅ የለውም። ደሙ የሚጠየቀው ከዚህ ልጅ ነው። ልጄም ይህንን ያውቃል፤ ነፍስ ሲያውቅ ነግሬዋለሁ። ሰምቶ ሰምቶ «ይሄ እኮ የድሮ ሰው ነገር ነው እማ» አለኝ።

ሽንኩርት ሻጯ ልጄን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። በተዘረጋው ማዳበሪያ ስር እግሯን ረገጥኩት።

«ኸረ የኔ ልጅ፣» አለችው፣ «እንኳን የሰው ልጅ የራሴም መልኩ ጠፍቶኛል። አዲስ አበባ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ምናልባት እሱን ካገኘኸው እናትህ ሞታለች በለው፣ ለለቅሶ እንኳ ይመጣ እንደሁ።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ወደኔ ዞረ። «እርስዎስ እናቴ?»

«አላውቀውም፣» አልኩ።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን ከወዲያ ጨው የሚሸጠው ሰውዬ ደግ የሠራ መስሎት «መጽሔቱን የሚሠሩት እኮ መሐል ሜዳ ናቸው! መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ጠይቅ!» ብሎ ጮኸለት። ወጣቱ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መጽሔቱን በብብቱ ከተተና ወደ መኪናው አቀና። ሲሄድ አየሁት፤ በበርኖሱ ስር ጎኑ አበጥ ብሏል። ስንቅ ይሁን ሽጉጥ እኔ እንጃ።

ልጄ በዚያች ሰዓት ያለው መሐል ሜዳ፣ እዚያው ሙዚቃ ቤት ነው። ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ጠጉሬን እንደተዘረጋ ለሽንኩርት ሻጯ ትቼላት ሮጥኩ። ወደ መሐል ሜዳ የምትሄደው ሚኒባስ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ልትሞላ ነው። ስገባ የቀረው ባዶ ቦታ ከወጣቱ ጎን ነበር።

ብወርድ እሱ ይቀድመኛል። ተቀመጥኩ።

መኪናዋ እስክትንቀሳቀስ ድረስ እዚያ ተቀምጬ የማስበው ያንን መጽሔት ነበር። ልጄ ደብረ ብርሃን ተምሮ ሲመለስ ሥራ አላገኘም። ጓደኞቹ አዲስ አበባ ሆነው የጭፈራ ሙዚቃ መጽሔት እናውጣ አሉ፤ እነሱ ያሳትማሉ፣ እሱ ደግሞ ዘፋኙን፣ ኪቦርድ መቺውን፣ ከበሮ መቺውን እያነጋገረ ይጽፋል፣ ገጹንም ራሱ በኮምፒውተር አሳምሮ ይልክላቸዋል።

«ጭፈራ የሚጨፈር እንጂ የሚነበብ ነው እንዴ?» ብዬው ነበር።

«እማ፣ ሰው የሚያስጨፍረውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል፣» አለኝ።

የሱ አሠራር ከሌላው ይለያል ይሉታል። ሲያነጋግራቸው አያቋርጣቸውም። ያሉትን ሁሉ በስልኩ ይቀዳና በኋላ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ እያዳመጠ ቃል በቃል ይጽፈዋል። ሳላቸውን፣ ሳቃቸውን፣ እነሱም መልሰው የጠየቁትን። ጓደኞቹ ይህንን ቁረጠው ሲሉት አይሰማም፤ ዘፋኝ ራሱን የሚያሳየው ጥያቄ ሲጠይቅ ነው ይላል። ከዚያ ገጹን ይደረድራል። ከወሬው መሀል አንዲት ቃል ይመርጥና በትልልቅ ፊደል፣ በቀይ ቀለም ያወጣታል። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ከፊቴ አስቀምጦ «በይ አንብቢልኝ» ይለኛል።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ጣቴን ካላስደገፍኩ መስመሩ ይጠፋብኛል። እሱ ግን እኔን ነው የሚፈልገው። ጮክ ብዬ ሳነብ ከፊቴ ተቀምጦ ጣቴን ያያል፤ ጣቴ የቆመበትን ቃል ያወጣና ሌላ ይተካል። አንድ ጊዜ በፎቶው ላይ ነጭ ፊደል ጽፎበት «ምነው፣ ጭስ ውስጥ ነው እንዴ የጻፍከው?» ስለው ስቆ ሁሉንም አጠቆረው። እንዲህ ስንል ስንል የኔም ንባብ ተሻሽሏል።

ወጣቱ የገለጠው ያ ገጽ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ዘፋኝ ነው። እሳቸው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ በሠርግ በሠርጉ ሲዘፍኑ የኖሩ። የከተማ ልጆች ድምጻቸውን ወስደው ከኪቦርድ ጋር አዋሐዱትና ዘፈኑ በየጭፈራ ቤቱ ገባ። እኛ ወረዳ ለሠርግ ሲመጡ ልጄ ለምኖ እቤት አመጣቸው። እኔ ከጎናቸው እየፈተልኩ ነው። ሲጫወቱ ቆዩና መጨረሻ ላይ «እስካሁን አንተ ጠየቅኸኝ፤ እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

እኛ አገር ትልቅ ሰው ይህንን ሲጠይቅ ይመለሳል። እንግዳ ቤትህ ገብቶ፣ ካጎረስከው በኋላ የማን ልጅ ነህ ቢልህ፣ አባትህን ዘለህ አትቆጥርም። አባቱን የዘለለ ልጅ አባቱን እንደጣለ ነው። ልጄ አየኝ። እኔ እንዝርቴን አየሁ። ከዚያ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት ሳይሰናከል ቆጠረላቸው። ሽማግሌው ልጄን አተኩረው አዩት። «ደህና ቆጠርክ፣» አሉት ቆይተው፤ ሌላም አልተናገሩም።

ልጄ ሁሉንም ጻፈው። በቀይ ያወጣትም ቃል ያችኑ ጥያቄያቸውን ነው። ሁለቱ አብረው የተነሱትን ፎቶ ከላይ አደረገ፣ የቆጠረውንም ከፎቶው ስር። ሳነብለት ጣቴ ባሌ ስም ላይ ቆመ። የባሌን ስም ተጽፎ ያየሁት ፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ከአባቶቹ ጋር፣ በወጉ፣ እንደ ሰው ተቀምጧል።

«አደናቀፈሽ? ላውጣው?» አለኝ ልጄ።

«አላደናቀፈኝም፤ ይቀመጥ፣» አልኩት።

መጽሔቱ የሚነበበው አዲስ አበባ ነው፣ መርሐቤቴ ማን ያየዋል ብለን ነው። ሽማግሌው ግን ፎቶአቸው የወጣበትን መጽሔት ይዘው በየሠርጉ ይዞሩ ኖሯል። ጠጅ እየተጠጣ፣ ፊደል የቆጠረ ተፈልጎ፣ ከላይ እስከ ታች ይነበባል።

መኪናዋ ከሞላሌ ወጣች። ወጣቱ ከበርኖሱ ስር ቂጣ አወጣና ቆርሶ ዘረጋልኝ። «ይቅመሱ እናቴ።» አልወስድም ማለት ነውር ነው፤ ወሰድኩ። ቂጣውን ካወጣ በኋላም ጎኑ እንዳበጠ ነው። አኘክሁት።

«ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ።

«እንደ ነገሩ ነው። አራተኛ ክፍል ነኝ።»

«ከኔ ይሻላሉ። እኔ በጣት አሻራ ነው የምፈርም።» መጽሔቱን አውጥቶ ጉልበቴ ላይ ዘረጋው። «የአባቶቹን ስም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እሱን አይደለም። ከመጀመሪያው ላይ ቤቱ የት እንደሆነ ይናገራል አሉኝ። ያነበበልን ሰውዬ ጠጅ ጠግቦ ነበር፤ ሞላሌ ሲል የሰማሁ መሰለኝ። እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

«ለምን ፈለግኸው?»

በመስኮቱ አሻግሮ አየ። «የቤት ጉዳይ ነው። እሱም አባት የለው፣ እኔም አባት የለኝ። እንዲያ ነው ነገሩ።»

አወቅሁት። የሟች ልጅ ነው። እናቱ አዝላው ውሃ ስትወርድ፣ እኔም የራሴን አዝዬ አብረን ወርደናል። ግንባሩ ያኔም እንዲሁ ሰፊ ነበር። እናትህ ደህና ናት ወይ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ እቤት አንብቤዋለሁ። ይህ ጨዋታ የተደረገው ሞላሌ፣ በእናቴ ቤት ነው፤ እናቴ ከጎናችን የበግ ጠጉር ትፈትላለች ነው የሚለው። ገበያ ላይ ጠጉሩን ከፊቴ አይቶታል፤ ቀሚሴ ላይ እኮ የጠጉሩ ብናኝ አለ! በነጠላዬ ሸፈን አደረግሁት።

«ይህ... ጨዋታ... የተደረገው...» አልኩ። ጣቴ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«ቆየኝ እንጂ፣ ፊደሉ ትንንሽ ነው።»

«አልቸኩልም፣ ይረጋጉ።»

«ደ... ብረ... ብርሃን። ደብረ ብርሃን፣ በአጎቴ ቤት ነው፣ ይላል።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ጣቴን ሞላሌ የሚለው ቃል ላይ አድርጌ ደብረ ብርሃን ብዬ ደገምኩለት። ባነበብኩት ቁጥር ፊደሉ አፍ አውጥቶ የሚያጋልጠኝ ይመስለኛል። ይህን ጊዜ ረዳቱ ከበሩ ዞሮ «ምንድነው የምትንተባተቡት? አምጡት፣ እኔ ላንብብላችሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አንተ መጀመሪያ በሩን ዝጋ!» አልኩት። «ብርድ ፈጀን! ተምሬያለሁ ባይ፣ በር መዝጋት ግን አላስተማሩትም።»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀበት። «እናቴ ዛሬ ከቤት ተጣልተው ነው የወጡት» አለና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋ። እኔ መጽሔቱን አጥፌ ለወጣቱ መለስኩለት። ለራሱ «ያ ያነበበልን ሰካራም!» አለ። እስክንደርስ መጽሔቱን በብብቱ እንደያዘ ነው።

መሐል ሜዳ ስንወርድ «ቤቱን ካወቅሁ ሙዚቃ ቤት ምን ያደርግልኛል፤ የደብረ ብርሃኑ መኪና የት ነው?» አለኝ። ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ አሳየሁት። ሙዚቃ ቤቱ እኮ ከዚያው አጥር ማዶ ነው፣ ዘፈኑ ይሰማል። ልጄ አሁን ብቅ ቢል፣ እማ ብሎ ቢጠራኝ እያልኩ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ወጣቱ ሊሳፈር ሲል ዞር አለና ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። ልጆችዎን ያሳድግልዎት» አለኝ። አሜን አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ? መኪናው ተንቀሳቅሶ ከከተማው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ልጄ ከሙዚቃ ቤቱ ጓዳ ነው። አንዲት ዘፋኝ አነጋግሮ ሸኝቶ፣ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጽፋል። ገብቼ በጥፊ መታሁት። ከዚያ እግሩ ስር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ስልክህን ምን ብለህ ነው የምትዘጋው!»

«ስቀዳ እንዳይጠራብኝ ኔትወርኩን እዘጋለሁ፣ ታውቂ የለም ወይ?»

ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ። ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልከተለውና ላናግረው።»

«ምን ልትለው?»

«ምንም። እሱ ይናገር፣ እኔ ልስማው። ይሄን ያህል ሰው አናግሬ የለም ወይ? ሰው ከሰሙት ይበርዳል።»

«ሊናገር አይደለም የመጣው!»

«አንቺን እኮ ቂጣ አብልቶሻል።»

«ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ነዋ!»

 ከዚያ ልጄ ለሽማግሌው ዘፋኝ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምጹን ከፍ አደረገው። ሽማግሌው ወሬውን ሰምተው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ሲቆጥርልኝ ነው ያወቅሁት፣» አሉ። «ዝም ያልኩት ላላስደነግጣችሁ ነበር። መጽሔቱን ይዤ የዞርኩት ግን ለፎቶዬ ብዬ ነው፤ ስለዚያ ስም አላሰብኩም። ከደብረ ብርሃን ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ ሞላሌን በር በበር ነው የሚያንኳኳው። አንቺ ልጅ፣ ወንድም አለሽ?»

«ጊሼ አለ አባቴ።»

«እዚያ ሂዱ። ቤትሽ እንዳትመለሺ። እኔ ሽማግሌ ይዤ እናቱ ደጅ እወድቃለሁ።»

በለበስነው ልብስ፣ ልጄ ኮምፒውተሩን ብቻ አንግቶ ወጣን። ገብስ የጫነ አይሱዙ እስከሚደርስበት አደረሰን፣ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ወንድሜ ምን ሆናችሁ ሳይል አስገባን፤ ምክንያቱን የነገርኩት ከበላን በኋላ ነው።

ጊሼ የገባን ጊዜ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ እስኪገባ እዚያው ነን። ውሻ ሲጮህ ልጄን ወደ ጓዳ እገፋዋለሁ። ለንግሥ በዓል ጎረምሳው ሁሉ ሲወጣ እሱን በር ላይ ተቀምጬ ከለከልኩት። ኔትወርክ የሚገኘው ከኮረብታው ላይ ነው፤ ሲወጣ ተከትዬው እወጣለሁ። «እማ፣ እኔን ፍለጋ የሚመጣው ሰው አንቺን አይቶ ነው የሚያውቀኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን እግሬ እምቢ አለኝ።

መብራት ስለሌለ ኮምፒውተሩ ሞተ። የወንድሜን አሮጌ ካላንደር ገልብጦ በጀርባው ገጽ ይነድፍ ጀመር፤ እዚህ ፎቶ፣ እዚህ ትልቁ ፊደል እያለ በማስመሪያ ያሰምራል። የዚያችን የመሐል ሜዳዋን ዘፋኝ ጨዋታ በእጁ ጻፈና እንደ ልማዱ አምጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው።

«አላነብም፣» አልኩት።

«ለምን?»

«ማንበብ ይበቃኛል። ያንን ገጽ ያነበብኩት እኔ፣ ይቀመጥ ያልኩት እኔ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እማ። የጠየቁኝን መለስኩ፣ የመለስኩትን ጻፍኩ። አባቴን ልዝለለው ነበር?»

 ወረቀቱን ሳብሁና አነበብኩለት። ጣቴ የትም አልቆመም፤ ግን ደረቅ ነው። ሴትየዋ ትናገራለች፣ ትናገራለች፣ ከማን ጋር እንደምትናገር አይታወቅም።

«አልጠየቀችህም እንዴ?» አልኩት።

«ጠይቃኛለች። አወጣሁት። ከእንግዲህ የሚጠይቁኝን አልጽፍም።»

ተነስቶ ወጣ። ልጄን ከሞት ያሸሸሁ መስሎኝ ሌላ ነገሩን ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ ጥዬበት የመጣሁ መሰለኝ።

ሽማግሌው ይደውላሉ። የሟች ሚስት መጀመሪያ በሩን ዘጋችባቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደጇ ላይ ሲወድቁ ውሃ ደፍታ ገባች። ልጅየው ደብረ ብርሃን ሰንብቶ ተመልሷል፣ ሞላሌም መጥቶ ቤቴን አግኝቶታል፤ ሽንኩርት ሻጯ ነግራኛለች። የተቆለፈውን በር አይቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ አለችኝ።  ሽማግሌው ቄስ ጨመሩ፣ የአገር ሽማግሌ ጨመሩ። በመጨረሻ እናትየዋ ፊት ለፊት ልያቸው አለች።

የተቀጠርነው ወደ መርሐቤቴ በሚወርደው መንገድ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ወንድሜ አትሂዱ አለ። ልጄ ግን ዕድሜ ልኬን ኮረብታ ላይ አልኖርም አለ። እየወረድን ክንዱን አልለቀቅሁም። ዕርቁ እምቢ ቢባል፣ እኔ ራሴ በእጄ ይዤ ነው የማስረክበው።

እነሱ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል ቆምን። ሽማግሌዎቹ መሀል ናቸው። ልጄ በአባቱ ፋንታ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ አጎነበሰ፤ የደም ዕርቅ እንዲያ ነው የሚለመነው። አንገቱ ለነሱ ተሰጥቷል። ያ ወጣት ከፊቱ ቆሟል። ቀና ሲል እኔን አየ።

«እርስዎ ነዎት?» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

«ደብረ ብርሃንን ቤት ለቤት ነው የዞርኩት። ውሻ እስኪነክሰኝ።»

«አዎ፣» አልኩ።

«ቂጣዬን በልተው ዋሹኝ።»

«አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ። አንተ ብትሆን እናትህ አትዋሽልህም?»

እናቱ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳለች። ወደኔ አላየችም። «እዋሽለት ነበር፣» አለች።

ሽማግሌዎቹ ወጣቱን በል እንጂ፣ ስለ እግዚአብሔር በል አሉት። እሱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ድንጋዩ ልጄ አንገት ላይ ይንቀጠቀጣል። ላቡ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ሽማግሌው ዘፋኝ መሬት ላይ ተደፉ፣ ነጭ ጸጉራቸው አፈር ነካ። ወጣቱ ዞር ብሎ እናቱን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት፤ እሺታ ይሁን ሐዘን ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

«ይቅር ለእግዜር፣» አለ።

ልጄን አይቶ አልነበረም ያለው፤ መሬቱን እያየ ነው። ግን ብሎታል፣ ሁላችንም ሰምተናል። እናቱም አለች። የሟች ዘመዶችም ተራ በተራ አሉ። ቄሱ መስቀል አስነክተው ሁለቱንም ወገን አስማሉ። ከዚያ ድንጋዩን ከልጄ አንገት ላይ ያነሳው ያው ወጣት ነው፤ ወግ ነውና። ወርውሮ ጣለው። ልጄ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጄ አንድ ነገር ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት አየሁት። ወጣቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። እናቱም እኔን ሳትሰናበተኝ ወረደች። አልፈርድባትም።

እኛ ሽቅብ ወጣን። ልጄ መንገዱን ሁሉ ከሽማግሌው ዘፋኝ ጋር ነው የሄደው፤ እኔ ከኋላ ነኝ። የሚያወሩት አይሰማኝም። አንድ ቦታ ላይ ሽማግሌው ቆመው ሲጠይቁት አየሁ፣ እሱም ሲመልስላቸው። ምን እንዳሉት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሞላሌ ስንደርስ ቁልፉ ዝጎ አልከፍት አለ። ልጄ በድንጋይ ሰበረው። ቤቱ የሻገተ ይሸታል፣ አይጥ ገብቶበታል። እኔ ገባሁና ተቀመጥኩ። ልጄም ገባ። ከእንግዲህ ማንም ለደም አይፈልገውም። ልጄ በሕይወት አለ። ደህና ነን።